መቶ ፍሬ ገብስ

ለሊሴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ጊዜ ፊደሎቹ ዓይኗ ላይ ተደበላለቁባት።

«ማህፀን፦ ቀዝቃዛ። የእንቁላል ጥራት፦ ደካማ። የመውለድ ዕድል፦ ሠላሳ አራት በመቶ» ይላል። ከላይ ስሟና ዕድሜዋ ተጽፏል። ከታች ሐምራዊ ማኅተም አርፎበታል።

«በመቶ?» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «መቶ ምን ቆጥሮ ነው ሠላሳ አራት ያለው?»

ከፊት ለፊቷ እጮኛዋ ወንድምአገኝ ተቀምጧል። ከአሰላ መናኸሪያ ጀርባ ያለችው ይህች ሻይ ቤት የሁለቱ መገናኛ ናት። ያዘዘውን ሻይ አልነካውም። ዓይኑንም ከብርጭቆው ላይ አላነሳም።

«እማዬ ናት የሰጠችኝ» አለ። «ባለፈው ማክሰኞ ይዛሽ የሄደችው...»

«የት እንደሄድኩማ አውቃለሁ። የማሽኑን የብረት ዘንግ ጨብጪ ሲሉኝም የጨበጥኩት እኔ ነኝ። አንተ ምን ትላለህ ነው የምልህ።»

በውጭ አንድ ባጃጅ ጋሪ ለማለፍ ጥሩንባውን እየደጋገመ ነፋ። ፈረሱ ግን መንገድ አልለቀቀም።

«እነሱ የሚሸጡትን መድኃኒት ብትወስጂውስ?» አለ ወንድምአገኝ በመጨረሻ። «እንደ ሻይ የሚዘፈዘፍ ነገር ነው። ሦስት ወር ብቻ። ከዚያ እንደገና ትለኪያለሽ፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ እሷም ልቧ ያርፋል። ሰርጉን ከፋሲካ በኋላ እናደርገዋለን።»

«ስለዚህ አምነሃል።»

«አላመንኩም። ግን ማሽን እኮ ነው ለሊሴ። ሰው ቢሆን ዋሽቶ ነው እል ነበር። ኮምፒውተር ለምን ይዋሻል?»

ለሊሴ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ቀለበትህን አሁን አልመልስልህም» አለችው። «በንዴት የሚደረግ ነገር አልወድም። ግን እስክጠራህ ድረስ ዓይኔ ፊት እንዳትመጣ።»

ወጣች። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፊቷን ገረፋት። ከብቅል ፋብሪካው በኩል የሚመጣው የገብስ ሽታ ሌላ ቀን ደስ ይላት ነበር፤ ዛሬ ግን ያንን ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ቀን አስታውሷት ይበልጥ አናደዳት።

ያኔ ወንድምአገኝ ከጮሌ ወረዳ በአይሱዙ የቢራ ገብስ ጭኖ መጥቶ ነበር። ለሊሴ የምትሠራው ገበሬዎች ገብሳቸውን ከመሸጣቸው በፊት በሚያስመረምሩበት አነስተኛ ላቦራቶሪ ነው። ናሙናውን መርምራ «ይኼ ገብስ ሞቷል» አለችው።

«እንዴት ነው ገብስ የሚሞተው?» ብሎ ጮኸባት። «ተመልከቺው! ወርቅ አይመስልም?»

«ወርቅም አይበቅልም።»

አብራት የምትሠራው ጁወይሪያ ከጀርባ ሳቋን ለቀቀችው። ወንድምአገኝ ፊቱ ቀላ። ለሊሴ ግን አልሳቀችም። እርጥብ ወረቀት የተነጠፈበት ሰሃን አመጣችና ወረንጦ ሰጠችው።

«አንተው ከጆንያህ አውጣ። እንዳትመርጥ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ዝገን። መቶ ፍሬ ቁጠርና ደርድር። በየቀኑ እየመጣህ ነጭ ሥር ያወጣውን ትለቅማለህ። በሦስተኛው ቀን ከዘጠና አምስት በላይ ከጎነቆለ፣ በገበሬዎቹ ፊት ተሳስቼ ነበር ብዬ እፈርማለሁ።»

ተመላለሰ። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ተማሪ አቀርቅሮ ቆጠረ። ስድሳ አንድ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ወረንጦውን አስቀምጦ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ሁለቱም ቶሎ አልሸሹም።

«አላመንኩሽም ነበር» አላት። «አሁን ግን በዓይኔ አየሁ።»

የወደደችው በዚያች ቃል ነው። ብዙ ወንድ መሳሳቱን ሲያውቅ ይቆጣል። ይኼኛው ቆጠረና አመነ።

ታዲያ ያ ሰው የት ሄደ?

*

በማግስቱ ለሊሴ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሟ ብዙ ጠየቀቻት፤ ስለ ወር አበባዋ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ቤተሰቧ። በአልትራሳውንድ አየቻት። ወረቀቱንም ተቀብላ አነበበችና ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

«በዚህ ዓመት ስምንተኛዋ ነሽ» አለቻት። «ዛሬ ያየሁት ሁሉ ጤናማ ነው። ትወልጃለሽ ወይ ብለሽ ከጠየቅሽኝ ግን አላውቅም።»

«አያውቁም?»

«ማንም አያውቅም። አንድ ዓመት አብራችሁ ሞክራችሁ ካልሆነ ሁለታችሁም ኑ፤ እሱንም ጭምር እንመረምራለን። ከአሁኑ ቁጥር የሚሰጥሽ ሰው ካለ ግን ከየት እንዳመጣው ጠይቂው።»

ለሊሴ ከዚያ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ቤት ሄደች።

የወንድምአገኝ እናት በረንዳ ላይ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር። ቀበሌው አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ከገቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ፊደል ከለዩ ወዲህ የመንገዱን ሁሉ ጽሑፍ እያነበቡ ነው የሚሄዱት። የመድኃኒት ቤቱን፣ የጎሚስታውን፣ የባጃጁን ጀርባ ሳይቀር። የምርመራ ቤቱን የማስታወቂያ ሸራም ያገኙት እንዲሁ ነው። «በኳንተም ቴክኖሎጂ የሙሉ ሰውነት ምርመራ በዘጠና ሰከንድ።» ማንም ሳያግዛቸው አንብበው የጨረሱት የመጀመሪያው ረጅም ጽሑፍ እሱ ነበር። የዚያን ዕለት ደስታቸውን ለለሊሴ ራሳቸው ነግረዋታል።

«ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር እማማ» አለች ለሊሴ ሳትቀመጥ። «ጤነኛ ነሽ አለችኝ።»

«ትወልጃለሽስ አለችሽ?»

«አላውቅም አለች።»

ወይዘሮ ወለተ ማርያም እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ይኸው! እሷ አላውቅም አለች፤ ማሽኑ ግን ያውቃል። ልጄ፣ በጽሑፍ የመጣ ነገር ነው። ማኅተም አለው።»

«እማማ፣ እኔ ገብስ ሳላበቅል ይበቅላል አልልም። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ሥራዬ ይኼ ነው። የማያውቀውን አውቃለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ከላቦራቶሪው ነው የምናባርረው።»

«አትቆጪኝ።»

«እቆጣለሁ! እርስዎን አከብርዎታለሁ፣ ግን እቆጣለሁ። በአንድ ብረት ዘንግ ምክንያት ባዶ ነሽ ተብዬ እንዴት አልቆጣ?»

አሮጊቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ታላቅ እህቴ በተዳረች በሰባት ዓመቷ ከትዳሯ ተመለሰች። አልወለድሽም ብለው። ዕቃዋን በአህያ ጭነው በር ላይ አራገፉት። እስክትሞት ድረስ ቀና ብላ አልሄደችም። እኔ ክፉ ሆኜ መሰለሽ? አስቀድሜ ባውቅ፣ አስቀድመሽ ብትታከሚ ብዬ ነው። አንቺም እንደሷ እንዳትሆኚ ብዬ ነው።»

ለሊሴ ተቀመጠች። ንዴቷ አልለቀቃትም፤ ግን አቅጣጫውን ለወጠ። እኚህን ሴት በዚህ ፍርሃታቸው በኩል የገባባቸው ሰው ማን ነው?

«እንወራረድ» አለች። «ነገ አብረን ዴራ እንሂድ። እዚያ ያው ማሽን፣ ያው ድርጅት አለ። የሚያውቀን የለም። በነጠላዬ ሥር እርጥብ ገብስ በላስቲክ እይዛለሁ። ዘንጉን በእጄ አልጨብጠውም፤ ገብሱ ውስጥ ነው የምሰካው። ማሽኑ ይህ ሰው አይደለም ካለ፣ ወይም አላነብም ካለ፣ አምነዋለሁ። ቀለበቱንም ለእርስዎ በእጅዎ እሰጣለሁ።»

«በገብስ ልትጫወቺብኝ ነው?»

«እርስዎ ራስዎ ይያዙልኝ። እንዳላታልል ይጠብቁኝ። ደግሞ አሁን፣ ከመሄዳችን በፊት ይጻፉት። በኋላ አንዳችንም እንዳንጠመዝዘው።»

ወይዘሮ ወለተ ማርያም ደብተራቸውን ገልጠው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው መሀል ነክሰው፣ አንድ አንድ ፊደል እየሣሉ ጻፉ።

«ማሽኑ ይህ ሰው አይደለም ካለ ለሊሴ ሰርጉን ትተዋለች። ሰው ነው ካለ እኔ አፌን እዘጋለሁ።»

ፈረሙ። ለሊሴም ፈረመች።

*

ከአሰላ ወደ ዴራ ሲወረድ ብርዱ በየኩርባው ይቀራል። በሚኒባሱ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ላስቲኩ በወይዘሮ ወለተ ማርያም ጭን ላይ ነው። ትናንት ከሰሃኑ የተነሳው ገብስ ነጭ ሥሩን አውጥቶ እርስ በርሱ ተያይዟል።

ለሊሴ መስኮቱን እያየች ፈራች። ቢለየውስ? ከመፈራረማቸው በፊት እርግጠኛ ነበረች። አሁን ግን ደብተሩ ላይ ያለው ስሟ ነው፣ የሚወራውም ስለ ገዛ ሆዷ ነው። ማሽኑ «ይህ ሰው አይደለም» ካለ ወንድምአገኝን ታጣለች። የምትጠላውን ያህል የምትወደውን ያንን ዝምተኛ ሰው ታጣለች። ልትመለስ ብትፈልግም አትችልም፤ ራሷ ናት አስጽፋ የፈረመችው።

ቤቱ ዋናው መንገድ ዳር፣ ሽንኩርት ከሚሸጥበት አጠገብ ነበር። ሸራው ያው ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት በፈገግታ ተቀበላቸው። ይስሃቅ እባላለሁ አለ።

«የምትመረመረው ልጄ ናት» አሉ ወይዘሮ ወለተ ማርያም። «ልትዳር ነው። ብርድ ስላመማት ነጠላዋን አታወልቅም።»

«ችግር የለም እናቴ። ዕድሜ?»

«ሃያ ሰባት።»

«ክብደት?»

«ሃምሳ አራት።»

ይስሃቅ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ። ዘንጉን ሰጣት። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ላስቲኩን በነጠላው ሥር በሁለት እጃቸው ከፍተው ያዙላት፤ ለሊሴ ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ ጫፉን ይዛ ገብሱ ውስጥ ሰካችው። ጣቷ ብረቱን እንዳልነካ አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አዩ።

ማሽኑ ጮኸ። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የሰው አካል ሥዕል ታየ። ልብ ቀላ፣ ጉበት ቀላ፣ ቁጥሮች ወጡ ወረዱ።

«በደንብ ጨብጪው እህቴ» አለ ይስሃቅ።

«ጨብጣዋለች» አሉ ወይዘሮ ወለተ ማርያም።

ዘጠና ሰከንዱ እንደ ዘጠና ዓመት ረዘመ። ማተሚያው አጉረመረመ። ለሊሴ ወረቀቱን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ አሮጊቷ ቀደሟት።

«ለእኔ ስጠኝ። እኔ ነኝ የማነበው።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እየጎተቱ ጮክ ብለው አነበቡ።

«ጉ...በት። የደከመ። ሆ...ድ ዕቃ፦ አሲድ የበዛበት። ማህ...ማህፀን...» ቆሙ። እንደገና ጀመሩ። «ማህፀን፦ ቀዝቃዛ። የመ...ው...ለድ ዕድል፦ አርባ አንድ በመቶ።»

ለሊሴ ሳቀች። «ከእኔ ይሻላል» አለች። «እኔ ሠላሳ አራት ነኝ።»

ወይዘሮ ወለተ ማርያም አልሳቁም። ላስቲኩን ከነጠላው ሥር አውጥተው፣ ከነዘንጉ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ውኃው በኮምፒውተሩ ሥር ተንጠባጠበ።

«ይኸው ልጄ» አሉት ይስሃቅን። «ማህፀኗ የቀዘቀዘው ሴትዮ ይቺ ናት።»

«ይ...ይኼ ምንድን ነው?»

«ገብስ ነው። አታውቀውም? ጉበቱ ደክሟል ብለህ ጻፍክ እኮ! አሁን ምን ልታጠጣው ነው?»

«እናቴ፣ ማሽኑን ማታለል... ማሽኑ ለሰው ነው የተሠራው...»

«ለሰው ከተሠራ ሰው እንዳልሆነ እንዴት አጣው? ማን ነው ያስተማረህ?»

«ስልጠና ወስጃለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ።»

«ሦስት ቀን!» ወይዘሮ ወለተ ማርያም ከወንበራቸው ተነሱ። «እኔ ሀ እና ሐን ለመለየት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንተ በሦስት ቀን የሰው ማህፀን አየህ? በስተርጅናዬ ፊደል የቆጠርኩት የአንተን ውሸት ለማንበብ ነው?»

ይስሃቅ ጭንቅላቱን አቀረቀረ። ምናልባት እሱም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያምን ነበር፤ ለሊሴ ይህን እርግጠኛ ሆና መናገር አልቻለችም።

በሚኒባሱ ሲመለሱ አሮጊቷ የለሊሴን እጅ ያዙ። እስከ አሰላ አልለቀቁትም። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ።

«የእህቴንም ዕቃ አህያ ላይ የጫኑት ሰዎች እርግጠኞች ነበሩ።»

*

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጁወይሪያ ላቦራቶሪው ውስጥ እየሮጠች ገባች።

«ወላሂ ለሊሴ፣ አማትሽን ብታያቸው! ከዚያ ሸራ ሥር ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የአንቺን ወረቀት፣ በሌላው የገብሱን ይዘው ለመንገደኛው ሁሉ ያነባሉ። ጋሪዎቹ ቆመዋል፣ ባጃጆቹ ቆመዋል። ባለቤቱ ሂዱልኝ ሲላቸው ‹ቆይ መስመሬን አልጨረስኩም› ይሉታል!»

«አማቴ አይደሉም» አለች ለሊሴ። ግን ከንፈሯ ጥግ ላይ ፈገግታ አመለጣት።

«ያንቺ ወንድምአገኝም አይሱዙውን መሀል መንገድ ላይ አቁሞ እየሰማቸው ነው። ፊቱን ብታይ፣ ኖራ መስሏል።»

«የእኔ ምናምን እንዳትይኝ።»

ከቀትር በኋላ መጣ። ጁወይሪያ በሩ ላይ ክንዷን ዘርግታ አቆመችው።

«ናሙና ያልያዘ አይገባም። ትእዛዝ ነው።»

«የማን ትእዛዝ?»

«የእኔ!»

ተመልሶ ሄደና ከመኪናው ውስጥ አንድ ከረጢት ገብስ ይዞ መጣ። ጁወይሪያ ከረጢቱን ከፍታ አሸተተችና አሳለፈችው።

ለሊሴ ከሰሃኖቿ ላይ ቀና አላለችም።

«እማዬ ሁሉንም ነገረችኝ» አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እናትህን ይቅር ብያለሁ። እሳቸው ማንበብ ከጀመሩ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንተ አሥራ ሁለት ዓመት ተምረሃል።»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ ነሽ አትበለኝ! አድምጠኝ!» ወረንጦውን ወረወረችው። ጠረጴዛው ላይ ነጥሮ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ያኔ አታውቀኝም ነበር። አንዲት እንግዳ ሴት ገብስህ ሞቷል ስትልህ አላመንክም፣ ሦስት ቀን ተመላልሰህ መቶውንም ፍሬ በእጅህ ቆጠርክ። ለገብስ! ስለ እኔ ወረቀት ሲመጣልህ ግን አንድ ፍሬ አልቆጠርክም። ከየት መጣ አላልክም። ጠጪው አልከኝ። ጠጪውና ዝም በይ።»

ወንድምአገኝ በሻይ ቤቱ ብርጭቆውን ነበር የሚያየው፤ አሁን እሷን ነው የሚያየው። ዓይኑ እርጥብ ነበር፣ ግን አልሸሸም።

ጎንበስ ብሎ ወረንጦውን ከወለሉ አነሳ። በልብሱ ጠረገው።

«ሰሃን ስጪኝ» አላት።

ሰጠችው። ዓይኑን ጨፍኖ ከከረጢቱ ዘገነ። በወፍራም ጣቶቹ መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥቡ ወረቀት ላይ ደረደረ። ሲጨርስ ለሊሴ ስሙንና ሰዓቱን ጽፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

ዓርብ መጣ። ቅዳሜ መጣ። ሥር ያወጣውን ለቅሞ ቁጥሩን ጽፎ ይሄዳል። እሷ አታናግረውም። ግን የመኪናው ድምፅ ሲሰማ እጇ ሥራውን እንደሚያቆም ጁወይሪያ አይታለች፤ እንዳየችም ነግራታለች።

እሑድ ዝግ ቢሆንም ለሊሴ ከፍታ ጠበቀችው። ከእሷ ሌላ ማንም አልነበረም። የመጨረሻዎቹን ቆጠረ።

«ዘጠና ሦስት» አለ።

«ሰባቱስ ለምን አልበቀሉም?»

ዱሮ ቢሆን አንድ ምክንያት አያጣም ነበር። ብርድ ነው፣ ጆንያው ነው፣ ገበሬው ነው ይል ነበር። አሁን ሰባቱን ፍሬዎች በወረንጦ እያገላበጠ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«አላውቅም» አለ።

ለሊሴ ጠረጴዛውን ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እኛስ ልጅ እንወልዳለን?»

«አላውቅም።»

«ባንወልድስ? እናትህ ቢያለቅሱ፣ ጎረቤት ቢያወራ፣ ሌላ ወረቀት ቢመጣ?»

«ወረቀት ከመጣ ከየት መጣህ እለዋለሁ። ባንወልድም ከአንቺ ጋር ነኝ።» ድምፁ ተሰበረ። «ይኼንን ግን አውቃለሁ።»

«በምን አወቅከው?» አለች። ንዴቷ አሁንም ከደረቷ አልወጣም ነበር። «አውቃለሁ የሚል ሰው ሲበዛብኝ ነው የሰነበትኩት። በምን አረጋግጠህ ነው?»

ወንድምአገኝ ወረንጦውን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ጣቶቿን በጣቶቹ ከደነበት።

«እንዳታምኚኝ» አላት። «ቁጠሪኝ። በየቀኑ ቁጠሪኝ።»

በውጭ የጭላሎ ነፋስ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንኳኳ ነበር። ለሊሴ እጇን አልነጠቀችም። ከዚያ በሌላው እጇ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበችና አዲስ ገጽ ገለጠች።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እጀምራለሁ» አለችው። «ካረፈድክ አይቆጠርልህም።»